አውቶቡሱን ያስቆመው ድምፅ

ሹፌሩን የመናኸሪያው ሰው ሁሉ «ዶክተር» ነበር የሚለው። የሐኪም ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው ይህን ስም ያገኘው በጆሮው ነው። አንድ መኪና አልነሣም ወይም አልጎትትም ሲል ይጠሩታል። ኮፈኑን ያስከፍታል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «ይሄ ሆዱን ሳይሆን ጉሮሮውን ነው ያመመው» ይልና በጣቱ ወደ አንዱ ጥግ ይጠቁማል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። የሳተባቸውን ጊዜያት የሚያስታውስ የለም፤ እሱም ቢሆን ለማስታወስ ተቸግሮ አያውቅም።

በዚያ ሰሞን ጉንፋን ያዘው። የዋዛ ጉንፋን አልነበረም፤ አልጋ ላይ ጥሎ አፍንጫውን እንደ ተበላሸ ቧንቧ ሲያስፈስሰው ከረመ። ሚስቱ የፈላ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አቅርባ፣ ፎጣ አልብሳ፣ በእንፋሎት ታጥነው ነበር። ልነሣ ሲል «እንደ ልጅ አታስቸግረኝ» እያለች መልሳ ታስተኛዋለች። ትኩሳቱ ሲለቀውና ድምፁ ሲመለስ ድኛለሁ ብሎ ተነሣ። ጆሮው ግን አብሮት አልተነሣም።

ግራ ጆሮው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ይመስላል። ምራቁን ሲውጥ «ቀጭ» ይላል። ሲናገር የገዛ ድምፁ በርሜል ውስጥ ገብቶ እንደሚጮህ ሰው ድምፅ እየገነነ ተመልሶ ይመጣበታል። ዳቦ ሲያኝክ አንድ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ጠጠር ላይ የሚራመድ ይመስለዋል። የሌላው ሰው ንግግር ደግሞ ከግድግዳ ማዶ ነው የሚደርሰው፤ ግማሹ ይመጣል፣ ግማሹ እዚያው ይቀራል።

«ሻይ ልጨምርልህ?» አለችው ሚስቱ፣ ሥራ በሚገባበት ቀን ጠዋት።

«ነገ ማታ» አላት።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ አየችው። «ምኑ ነው ነገ ማታ?»

«የምመለሰው ነዋ።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ ሻይ ነው። ጆሮህን ምን ነካው?»

«ምንም አልነካው። አንቺ ነሽ ለራስሽ የምታወሪው።»

«ጉንፋኑ ገና አልለቀቀህም ማለት ነው። ሐኪም ይይህ።»

«በጉንፋን ሐኪም ቤት ሄደ ብለው ይሳቁብኝ?» አለና ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

እንዲህ የሚያደርገው ወዶ አይደለም። ዓይኑ ደከመ የተባለ አንድ የቀድሞ ባልደረባው ዛሬ የመናኸሪያው በር ላይ ገመድ ሲያነሣና ሲያወርድ ይውላል። ያን ያህል ዓመት አብሮት የነዳው ሰው ሰላም ሲለው «ማነህ?» እያለ በድምፅ ይለየዋል። ሹፌሩ በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ዶክተር የሚባል ሰው ጆሮው ደነቆረ ቢባል ምን እንደሚቀረው ማሰብ አይፈልግም።

አውቶቡሱ የሚመላለሰው ተራራው ላይ ካለችው ከተማ ታች ሜዳው ላይ ወዳለችው ከተማ ነው። ረዳቱ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጎልማሳ፣ የልጆች አባት፣ ከተናገረው ይልቅ የዋጠው የሚበዛ ሰው። ሥራውን ያስገኘለት ሹፌሩ ነው፤ ስለዚህ ይሁን ስለ ዕድሜው «ጋሼ» እያለ በእርስዎ ነው የሚያናግረው። ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳያዘው፣ ቱታውን ለብሶ ከአውቶቡሱ ሥር ይገባል። የአየር ቱቦዎቹን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ በእጁ ይዳስሳል፣ የላላ ካለ ያጠብቃል፣ ወጥቶ «ሰላም ነው ጋሼ» ይላል። ያን ቀንም ገብቶ ወጣ፤ «ሰላም ነው ጋሼ» አለ።

ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ተቀምጠዋል። አዲስ ጫማቸው ስለጠበባቸው አውልቀው ከእግራቸው ሥር አስቀምጠውታል። ጭናቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ አበባ ይዘዋል። መኪናው እንደተንቀሳቀሰ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ነገሩት። ከነገሩት ውስጥ «ልጄ» እና «ዛሬ» የሚሉት ቃላት ብቻ ደረሱት።

«አይዞዎት እናቴ፣ እንደርሳለን» አላቸው በግምት።

ግምቱ ሠራ። ሴትየዋ ደስ ብሏቸው ወደ ኋላቸው ተደገፉ። የነገሩት ነገር፣ ኋላ እንደሰማው፣ የመጨረሻ ልጃቸው ነርስ ሆና ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንደምትመረቅ ነው። ከልጆቻቸው ትምህርት የጨረሰች እሷ ብቻ ናት፤ ስሟ ተጠርቶ መድረክ ላይ ስትወጣ በዓይናቸው ሊያዩ ነው የሚሄዱት።

ቁልቁለቱን እንደጀመሩ ግራ ጆሮውን አንድ ነገር ወደ ውስጥ ይገፋው ጀመር። ምራቁን ዋጠ፣ አፉን ከፈተ፣ መንጋጋውን ወዲያና ወዲህ አደረገ። አልለቀቀውም። ከሁለተኛው ጠመዝማዛ በኋላ ነው ድምፁ የመጣው። ቀጭን፣ የማይቆራረጥ፣ ከጎማ እንደሚወጣ ትንፋሽ ያለ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ።

የእነዚህ ትልልቅ አውቶቡሶች ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። ቁልቁለት መሐል አየር ያፈሰሰ መኪና ምን እንደሚገጥመው ያ መንገድ ራሱ ይመሰክራል፤ ከገደሉ ሥር የዛገ ቆርቆሮ ይታያል። ሹፌሩ የአየሩን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ ተመለከተ። መርፌዋ ልክ ቦታዋ ላይ ናት። ጌጁ ዋሽቷል ብሎ ደመደመ፤ ጆሮው ይዋሻል ብሎ ለማሰብ አልቃጣውም።

«ትሰማለህ?» አለው ረዳቱን።

«ምኑን ጋሼ?»

«አየር ያፈሳል።»

ረዳቱ ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠ። «እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«አንተ ደግሞ መቼ ሰምተህ ታውቃለህ» አለውና መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ዳር ይዞ አቆመ።

ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተደገፈ። ረዳቱ በጣሳ ሳሙና በጥብጦ ከሥር ገባና መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ አረፋ ቀባቸው። አየር የሚያፈስ ቦታ ካለ አረፋው ይንፈቀፈቃል። አንዱም አልተንፈቀፈቀም። «ሞተሩን ላጥፋውና ስማ» አለ ሹፌሩ። አጠፋው። ተራራው ጸጥ ሲል ድምፁ ይበልጥ ጎላ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይጠራጠር ነበር። እሱ ግን «ይኸው፣ ሞተሩ ነበር የሸፈነው» አለና ስልኩን በቀኝ ጆሮው ላይ ለጥፎ ከላይ ከተማ መካኒክ አስጠራ።

መካኒኩ እስኪመጣ ፀሐዩ ተሳፋሪውን ያንገበግበው ጀመር። አንድ ነጋዴ ሰዓቱን እያየ አጉረመረመ። ሴትየዋ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አበባውን በጥላቸው ይሸፍናሉ። ነጋዴውን «ተው ልጄ፣ ስለ ነፍሳችን ብሎ ነው» ሲሉት ሹፌሩ ከከንፈራቸው አነበበ።

ሽንቱ መጣበትና ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ ጠመዝማዛውን አልፎ፣ ከአንድ ትልቅ አለት ጀርባ ቆመ። ከዚያ አውቶቡሱ አይታይም። ሰው አይታይም። ነፋስ እንኳ የለም።

ፍስስስ።

ዞር አለ። ከኋላው ሣርና ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። ጥቂት እርምጃ ሄደ፤ ድምፁም አብሮት ሄደ። ሱሪውን በቅጡ ሳይታጠቅ ሁለቱንም ጆሮዎቹን በጣቶቹ ደፈናቸው። ድምፁ ጭራሽ ገነነ፣ ራስ ቅሉን ሞላው። ያን ጊዜ ገባው። የሚያፈሰው እሱ ራሱ ነው። ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ የተሰጣው፣ የሚስቱ ወንድም ጭቃና ሳሙና ለብሶ መሬት ለመሬት የሚንፏቀቀው፣ እሱ ጉንፋን ስለያዘው ነው።

ሱሪውን ታጠቀ። ሲመለስ ሊናገር ቆርጦ ነበር። በዚያች ሰዓት ቢናገር ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር፤ ጥቂት ይሰድቡታል፣ ብዙ ይስቁበታል፣ ሁሉም ተሳፍሮ ይሄዳል። ሴትየዋም ለምረቃው ሳይደርሱ አይቀሩም ነበር። አፉን እንደከፈተ እኚያው ሴትዮ በባዶ እግራቸው መጥተው ክንዱን ያዙት።

«እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። ሌላው ቢሆን ዝም ብሎ ነድቶ ይፈጀን ነበር። እንዲህ ያለ ጆሮ ለሰው ሁሉ አይሰጥም አሉኝ።»

አፉን መልሶ ዘጋው።

መካኒኩ በፒካፕ መጣና ከሥር ገባ። ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላ ዳሰሰ፣ አዳመጠ፣ በባትሪ አየ። ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሹፌሩም ለመስማት ወደ ከንፈሩ ተጠጋ። «ዶክተር፣ እኔ ምንም አላገኘሁም። አንተ የት ጋ ነው የሰማኸው?»

ተሳፋሪው ከቧቸዋል። ሁሉም የእሱን አፍ ነው የሚያየው። ጎንበስ አለና በግራ በኩል ከኋላው ጎማ አጠገብ ወዳለው መገጣጠሚያ ጠቆመ። ለምን እሱን እንደመረጠ አያውቅም፤ ለእጁ ቅርብ ስለነበረ ይሆናል። «እዚህች ጋ ናት» አለ።

መካኒኩ ቁልፉን አስገብቶ በሙሉ ኃይሉ ጠመዘዘው። እንደዚያ ከተጠመዘዘ የማይዞር ብሎን የለም፤ የፀጉር ያህል ዞረ። «አዎ፣ ትንሽ ላልታለች» አለ መካኒኩ። እውነት መስሎት ይሁን ዶክተሩን አክብሮ አይታወቅም። ከተሳፋሪው አፍ አንድ ትልቅ የእፎይታ ትንፋሽ ወጣ። አጨበጨቡ።

«ቆይ፣ ጠዋት ይሄን የሚያየው ማነው?» አለ ነጋዴው።

ሹፌሩ ዓይኑን ብቻ ወደ ሚስቱ ወንድም ዘወር አደረገ።

ያች አስተያየት በቃች። የሰው ሁሉ ዓይን ተከትሏት ሄደ። ረዳቱ ጀርባው አፈር ለብሶ፣ እጁ እስከ ክርኑ አረፋ እንደተነከረ፣ ጣሳውን ይዞ ቆሟል። «ልትፈጀን ነበር» አለው አንዱ። ሌላው «ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፈልህ?» አለው። እሱ የሰደቡትን ሰዎች አላየም። ያየው ሹፌሩን ነው።

«ጠዋት አጥብቄው ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ዶክተሩ ዋሸ?» አለ ነጋዴው።

ረዳቱ ጥያቄው ለእሱ እንዳልሆነ ሁሉ መልሱን ከሹፌሩ ጠበቀ። ሹፌሩ «ግቡ እንጂ፣ መሽቶብናል» አለና ወደ መሪው ወጣ።

የቀረውን ቁልቁለት በግራ ጆሮው ውስጥ ሚስማር እንደተተከለበት ወረደ። ሕመሙን እንደ ቅጣት ቆጥሮ ቻለው፤ ሕመም ግን የማንንም ዕዳ አይከፍልም፣ ያማል እንጂ ሌላ ነገር አልሆነለትም።

ታችኛው መናኸሪያ ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። አንዲት ወጣት ጥቁር ጋውን እንደለበሰች፣ ቆቧን በብብቷ ይዛ፣ ከአጥሩ ሥር ቆማ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። ሴትየዋ ጫማቸውን በችኮላ እያጠለቁ ሲወርዱ «እማዬ፣ የት ነበርሽ?» አለቻቸው። «ስሜን ሲጠሩ ዞሬ ሳይሽ የለሽም።»

እናት ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ፣ ሳቁ፣ አበባውን ሰጧት። ከዚያ እጇን ይዘው ጎትተው ሹፌሩ ፊት አቆሟት። «ተይ አትዘኚ። ይሄን ሰው አመስግኚው። እሱ ባይሰማ ኖሮ ዛሬ የምትለብሺው ይሄን ጥቁር ሳይሆን የሐዘኑን ነበር።»

ልጅቷ ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አያት። በሁለት እጇ እጁን ጨበጠች፣ ጎንበስም አለች። ከአበባው አንዷን መዛ እየሰጠችው «ስለ እናቴ አመሰግንዎታለሁ» ስትለው ይህን አንዱን ነገር ምንም ሳይጎድል ሰማው።

«ምንም አይደለም» አላት።

ድምፁ ወደ ውጭ ከወጣው ይልቅ ወደ ውስጥ የተመለሰው በለጠ። «ምንም አይደለም» የሚለው ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ እንደ በርሜል ጮኸበት። አበባዋን የት እንደጣላት አያስታውስም።

በማግሥቱ ዳገቱን ሲወጡ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለቱንም ጊዜ ረዳቱ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ኖሮ የስምሪት ኃላፊው መናኸሪያው በር ላይ ነው የተቀበላቸው። ረዳቱን ቱታውን እንዲያስረክብና ጉዳዩ እስኪጣራ ቤቱ እንዲቀመጥ አዘዘው። ሹፌሩን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «በሚመጣው ስብሰባ እናመሰግንሃለን፤ ለሌሎቹ ትምህርት ይሆናል» አለው።

እሁድ ምሳ ላይ የሚስቱ ወንድም እንደ ልማዱ ከልጆቹ ጋር መጣ። እህቱ ሳህን አቀረበችለት እንጂ አላየችውም። ልጆቹ ለመጫወት ሲወጡ ጠብቃ ነው የፈነዳችው።

«ልጆቼን ያለ አባት ልታስቀራቸው ነበር» አለችው። «ሥራ ያስገባህ ማን ሆነና? እንደ ወንድምህ ያየህን ሰው? አንዲት ብሎን ማጥበቅ አቅቶህ ቤቴን ልታፈርሰው?»

ወንድሟ ከሳህኑ ቀና አላለም። «ተይው እህቴ» አለ።

«ምኑን ነው የምተወው? ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኸውም።»

ረዳቱ ማንኪያውን አስቀመጠ። እጁን በመሐረብ ጠረገ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ «ይቅርታ ጋሼ» አለው፤ ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። እህቱን ዝም ለማሰኘት ነው ያለው።

ሹፌሩ የጎረሰውን ሲያኝክ ራሱ ውስጥ ያ ጠጠር ይንኳኳል፣ ከጠጠሩ ጀርባ ያ «ፍስስስ» አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ይቅርታ ጋሼ» የሚለው ቃል አለ። ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሚስቱ «አየህ፣ ምግቡን እንኳ አስጠላኸው» ስትል ሰማ።

ሰኞ ለማንም ሳይናገር ሐኪም ቤት ሄደ። የጆሮ ሐኪሟ ከሴት ልጁ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። በሚያበራ መሣሪያ ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ እንደገና ግራውን አየች።

«ጉንፋን ይዞዎት ነበር?»

«ያዘኝ፣ ለቀቀኝ።»

«ጆሮዎን አልለቀቀውም። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። እሷ አብጣ ተዘግታለች፤ አየር አያልፍባትም። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል።»

ሹፌሩ «ቱቦ» የሚለውን ቃል ሲሰማ አንገቱን ደፋ። «ድምፁስ ዶክተር? የሚያፈስ የሚመስለው?»

«ጆሮ ከውጭ የሚመጣው ሲያንሰው አንዳንዴ የራሱን ማሰማት ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ቢታገሡት ይለቃል፤ ካልለቀቀ ይመለሱና እናየዋለን። አፍንጫዎን በኃይል አይናፈጡ። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሹፌር።»

«ተራራ ይወርዳሉ?»

«እወርዳለሁ።»

መሣሪያዋን አስቀምጣ በዓይኑ አየችው። «ከከፍታ ሲወርዱ ግፊቱ ይብሳል። ከሕመሙም ሌላ ደህና ሳይሰሙ ሰው ጭነው መንዳት የለብዎትም። የገጠመዎት ነገር አለ?»

«የለም» አላት። ውሸቱ እንዲህ እየቀለለው መሄዱ እሱኑ አስፈራው። የአፍንጫ መድኃኒቱን ኪሱ ከትቶ ሲወጣ ከባድ በሽታ ብትነግረው ይሻለው እንደነበር አሰበ። ለከባድ በሽታ ሰው ያዝናል። ለተደፈነ ጆሮ ማን ያዝንለታል?

ያን ዕለት ሚስቱ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጠና ነገራት። አለቱ ጋ የሆነውን፣ የጠቆመውን መገጣጠሚያ፣ ዓይኑን ወዴት እንዳዞረ፣ ሁሉንም። እጇ ላይ የነበረውን ሸሚዝ ደጋግማ አጠፈችው፤ መታጠፍ ከሚችለው በላይ አጠፈችው።

«ወንድሜን በእኔ አፍ አሰደብከው» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«እያወቅህ ተቀምጠህ ሰማህ። ይቅርታ ሲልህም ሰማህ። ያኔስ ጆሮህ ደህና ነበር።»

ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ተነሣች። «እኔ እሱ ጋ ልሂድ ነው፤ ለእኔ ድርሻ ይቅርታ ልጠይቀው። የአንተን አንተ እወቅበት።»

ስብሰባው የተደረገው ጋራዡ ውስጥ ነው። ሹፌሮቹና ረዳቶቹ ጎማ ላይና ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። የስምሪት ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ጥንቃቄ ጀመረና ወደ ዶክተሩ ሲደርስ ሹፌሩ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«አቁምልኝ» አለው። «ያፈሰሰው አውቶቡሱ አልነበረም። እኔ ነኝ።»

ማንም አልገባውም። ጆሮውን በጣቱ ጠቆመና ጉንፋኑን፣ ድምፁን፣ አለቱን ነገራቸው። ከኋላ አንዱ «ፍስስስ» አለ፣ ከዚያ ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ክፉ አልነበረም። ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ፤ መካኒኩ ዓይኑን እየጠረገ «እኔ እኮ ብሎኗን ልሰብራት ነበር» አለ። ሹፌሩም ነገሩ እንዲህ የሚያልቅ መስሎት ፈገግ ሊል ከንፈሩን አላቀቀ።

የስምሪት ኃላፊው አልሳቀም። «አንዴ ዝም በሉ» አለ። «አንተ ይሄን ያወቅኸው መቼ ነው?»

«ሐኪም...»

«ሐኪሙን ተወው። ያፈሰሰው ጆሮህ መሆኑን መቼ አወቅህ?»

ሹፌሩ መሬት መሬት አየ። ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ነው። «መካኒኩ ሳይመጣ በፊት» አለ።

ሳቁ እንደ ተዘጋ ውሃ ቆመ። ረዳቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ፣ ሁልጊዜ ወንበር የሚያቀብለው፣ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሹፌሩ የሚፈራው ሳቁን ነበር፤ ለዚህ ጸጥታ አልተዘጋጀም። ቢሰድቡት በወደደ። ማንም አልሰደበውም። ኃላፊው «ረዳቱን ዛሬውኑ ጥሩት» አለ፤ ለሹፌሩም «አንተ እስክትድን ግቢ ውስጥ ትሠራለህ» ብሎት ሌላ ጉዳይ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ዶክተር የሚለው ስም ቀረ። «ፍስስ» የሚሉት አሉ፤ ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ ምንም አይሉትም፣ ይህ ይብሳል። አውቶቡስ ሲያጥብና ጎማ ሲያንከባልል ሰነበተ። የተመራቂዋን እናት በየወረደው ሰው መሐል ይፈልጋቸው ነበር። ቢያገኛቸው የሚላቸውን ደጋግሞ ተለማምዷል። ስማቸውን አያውቅም፣ ሰፈራቸውንም አልጠየቀም። አላገኛቸውም። እስከ ዛሬም ቢሆን ከገደል ያዳናቸው ሹፌር ብለው ለጎረቤት የሚያወሩት እሱን ነው፤ ይህን ባሰበ ቁጥር ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

ጆሮው ከእፍረቱ ቀድሞ ዳነ። አንድ ጠዋት ሲያዛጋ አንድ ነገር «ጧ» ብሎ ተከፈተና የቤቱ ድምፅ ሁሉ ጎርፎ ገባ፤ የመጥረጊያው፣ የማብሰያው ክዳን፣ ሚስቱ ጎረቤቷን የምታናግረው። «ፍስስስ» የሚለው ድምፅም በየቀኑ እየቀጠነ ሄደና መቼ እንደጠፋ ሳያውቀው ጠፋ። ወደ መሪው ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው ወደ ሚስቱ ወንድም ቤት የሄደው። እስከዚያ ድረስ በዚያ ሰፈር ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ነበር የሚሄደው።

ሰውየው ደጁ ላይ የልጁን ብስክሌት ገልብጦ ጎማዋን ይፈታል። ሹፌሩን ሲያይ ተነሣ። «ይግቡ ጋሼ።»

«አልገባም። እዚሁ ይሻላል።» ቆመ። መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ አንዱም አልመጣለትም። «አሳፍሬሃለሁ» አለ ብቻ። «እኔም አፍሬያለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

ረዳቱ በእጁ ያለውን ቁልፍ አገላበጠው። «ጆሮዎ ቢሳሳት ማንም ይሳሳታል» አለ። «እዚህች ጋ ናት ብለው ብሎኗን መጠቆምዎም ይሁን፣ ሰው ከቦዎት ነበር። እኔን የከፋኝ አስተያየትዎ ነው። ዓይንዎ አልታመመም ነበር።»

«አልታመመም።»

«ይቅር ብያለሁ፤ እህቴ ከመጣች ቀን ጀምሮ ይቅር ብያለሁ። ግን ሌላ አውቶቡስ ላይ መድቡኝ ብዬ ተመድቤያለሁ።»

«ተቀይመህ ነው?»

«አይደለም።» ቃሉን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት። «ከእርስዎ ጋር ሆኜ ድምፅ ብሰማ መናገር እፈራለሁ። ባልሰማም አልሰማሁም ማለት እፈራለሁ። እንዲህ እየተፈራሩ ቁልቁለት አይወረድም።»

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ሊከራከረው የሚችልበት ምንም ነገር አልነበረም። መሄድ ይገባው እንደሆነ መቆየት አላወቀም፤ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ አወጣው። ረዳቱ ወደ ብስክሌቷ ጎንበስ አለና ጎማውን ከቸርኬው ሊያላቅቅ ታገለ። አንድ እጅ ያጥረዋል።

«ያዝልኝ» አለው፣ ቀና ሳይል።

«ይያዙልኝ» አላለውም። ባወቀው ዘመን ሁሉ አንድም ቀን በአንተ አናግሮት አያውቅም። መናቅ ይሁን መቅረብ ሹፌሩ አልለየውም፤ ለመጠየቅም አፉ አልታዘዘለትም። ተንበርክኮ ጎማውን ያዘለት።